ትኩሳት የሚዘጋው ጆሮ

የሆቴሉ ላውንደሪ ሴቶች «አይደክሜ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በደህናው ጊዜ ነው። ያኔ የአንሶላ ክምር ብቻዋን ተኩሳ ጨርሳ፣ ለጓደኞቿ የሚሆን ቀልድ የሚተርፋት ሴት ነበረች። አሁን ስሙና ባለቤቱ ከተኳረፉ ቆይተዋል። ጠዋት ደክሟት ትገባለች፣ ማታ ደክሟት ትወጣለች። ስም ግን አንዴ ከወጣ እንደ ካውያ ጠባሳ አይለቅምና፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ሆነው እስከ ዛሬ «አይደክሜ፣ እስቲ ያንን ፎጣ አቀብይኝ» ይሏታል።

ጉልበቷን የጨረሰባት የልጇ ጆሮ ነው።

ልጅቷን ሁሉም ሚጡ ይላታል። የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ ናት። ደህና ስትሆን ከረሜላ ሌላ ክፍል ውስጥ ሲላጥ ትሰማለች። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መኪናው ገና ከመንገዱ ጥግ ሳይታጠፍ በሞተሩ ድምፅ ለይታ «አባዬ መጣ!» ብላ የምትሮጠው እሷ ናት። ትኩሳት ሲይዛት ግን ሌላ ልጅ ትሆናለች። ይጠሯታል፣ ዝም። ይደግሙላታል፣ ዝም። ዓይኗን እናቷ አፍ ላይ ተክላ ትቆይና ማልቀስ ትጀምራለች። ትኩሳቱ ሲበርድ ጆሮዋም አብሮ ይመለሳል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተነስታ የሚበላ ትጠይቃለች።

መጀመሪያ የሆነ ጊዜ አይደክሜ ልቧ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ልጇን አዝላ ወደ ጤና ጣቢያው በረረች። ነርሷ የትኩሳት ሽሮፕ ሰጠቻት፣ ጆሮዋን በባትሪ አየችላት፣ ቀይ ነገር አላገኘችም፣ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጻፈችላት። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ሲደርስ ሚጡ ድና፣ ቆንጆ ቀሚሷን ለብሳ፣ እየዘለለች ነው የሄደችው። የጆሮ መመርመሪያ ክፍሉ ባለሙያ ማዳመጫ አጠለቀላትና ድምፅ በሰማች ቁጥር የእንጨት ኩብ ቅርጫት ውስጥ እንድትጥል ነገራት። ሚጡ አንዷንም ድምፅ አላሳለፈችም።

«ጆሮዋ ጤነኛ ነው» አለ ባለሙያው። «እንዲያውም ከኔ ይሻላል።»

በሚቀጥለው ትኩሳትም እንዲሁ ሆነ፤ በሽታው ሲመጣ ቀጠሮ የለም፣ ቀጠሮው ሲመጣ በሽታው የለም። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ሌላ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባቷ ብዙ ጊዜ ከቤት ይርቃል? ልጆች አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋሉ» አላት። ክፋት አልነበረውም። እሷ ግን የልጇን እጅ ይዛ ስትወጣ ኮሪደሩ ሙሉ የሚያያት መሰላት።

ቤትም ማረፊያ አልሆነላትም። የባሏ ታላቅ እህት አጥር ግቢያቸውን ትጋራለች፤ አይደክሜ እትዬ ትላታለች። እትዬ ነገር በሆዷ አታሳድርም።

«አሞላቀቅሻት» አለቻት አንድ ቀን፣ ልብስ እያሰጣች። «ስትታመም ጆሮ ዳባ ልበስ ካለች ቤቱ ሁሉ እንደሚሯሯጥላት ነቅታለቻ! ደግሞስ በኛ ዘር ደንቆሮ የት አለ?»

«እትዬ፣ እውነት አይሰማትም።»

«ታዲያ ሦስቴ የመረመሯት ሐኪሞች ውሸታቸውን ነው?»

 የሚጡ መምህርም አስጠርታት ሌላ ነገረቻት። ሚጡ ጠዋት ጠዋት የታዘዘችውን ሁሉ ትሠራለች፤ ከእረፍት ሮጣ፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ ስትገባ ግን እንደ ግድግዳ ነው። በተለይ ክፍሉ ሲንጫጫ ስሟን ቢጠሩት ዞር አትልም። «እልኸኛ ናት» አለች መምህሯ። ሾፌሩም ከሩቅ መንገድ ሲደውል፣ «አስመሳይ ናት፣ አንቺም እየተከተልሻት ነው፤ ተያት፣ ይለቃታል» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ሰው አንድ ነገር ከየአቅጣጫው ሲነግሩት ይዋል ይደር እንጂ ማመኑ አይቀርም። አይደክሜም ልቧ መሸርሸር ጀመረ።

አንድ ቀን ሆቴሉ የስብሰባ እንግዳ ሞልቶት፣ የምትተኩሰው ጨርቅ በላይ በላዩ ሲመጣ ውሎ፣ ወገቧ ተቆርጦ ቤቷ ገባች። በሩን ስትከፍተው ውሃ እግሯን ተቀበላት። የማጀቱ ቧንቧ ተከፍቶ ሞልቶ ይፈሳል፤ ወለሉ ላይ የነበረው ፍራሽ ግማሹ ርሷል። ሚጡ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ወንበር ላይ ቁጢጥ ብላ ሥዕል ትሥላለች።

«አንቺ ልጅ! ዝጊው እንጂ!»

ሚጡ አልዞረችም።

«ሚጡ! አይሰማሽም?»

እርሳሷ ወረቀቱ ላይ መሄዷን ቀጠለች። የአይደክሜ የዚያ ቀን ድካም፣ የእትዬ ምላስ፣ የኮሪደሩ ዓይን ሁሉ አንድ ላይ ወደ እጇ መጣ። ልጅቷን ትከሻዋን ይዛ አዞረቻትና በጥፊ አለቻት።

መዳፏ የነካው ጉንጭ ይፋጃል። ከላውንደሪው የወጣ ጨርቅ እንጂ የልጅ ገላ አይመስልም። ሚጡ መጀመሪያ አላለቀሰችም፤ ደንግጣ የእናቷን ከንፈር ስታይ ቆየችና፣

«እማዬ» አለች፣ «አፍሽ ድምፅ የለውም።»

አይደክሜ እዚያው ውሃው ላይ ተቀመጠች። ልጇን ጭኗ ላይ ጎትታ አቅፋ አለቀሰች። «ይቅር በይኝ» ብትልም ለማን ነው የምትለው? ልጅቷ እንደሆነ አትሰማም። ስለዚህ የመታችውን ጉንጭ ሳመችው፣ ደግማ ሳመችው። ቧንቧው ከኋላቸው ይፈስ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ የማንም ምስክርነት አላስፈለጋትም። የሚያስፈልጋት አንድ ነገር ነበር፦ ትኩሳቱና መመርመሪያ ክፍሉ አንድ ቀን ላይ መገናኘት አለባቸው።

ትኩሳቱ የተመለሰው ዝናብ በጣለበትና በቀዘቀዘ ጠዋት ነው። ሚጡ ከአልጋዋ አልነሳም አለች። እናቷ ከጀርባዋ ሆና በቀስታ ጠራቻት፣ ከዚያ ጮኻ ጠራቻት፣ ከዚያ ድስት በማንኪያ መታች። ምንም። ሽሮፑን ከመደርደሪያ አወረደች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለአለቃዋ ደውላ «ዛሬ አልገባም» አለች፤ የአለቃዋን መልስ ሰምታ ሳትጨርስ ስልኩ ተዘጋ።

መንገዱ አላልቅ አላት። አውቶቡሱ ውስጥ የልጅቷ ትንፋሽ አንገቷን ያቃጥላት ነበር። ጎኗ የተቀመጡ ሴትዮ የሚጡን እግር ነካ አድርገው፣ «ውይ፣ ልጅቷ እኮ እሳት ሆናለች! የሚያወርድላትን አልሰጠሻትም?» አሏት።

«አሁን እሰጣታለሁ፣ እማማ።»

እጇ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ቦርሳው ሄደ። መድኃኒት በጉያዋ ይዛ ልጇን በትኩሳት የምታቃጥል ምን ዓይነት እናት ናት? አሁን ብትሰጣት ግን ሆስፒታል ሲደርሱ ትኩሳቱ ወርዶ፣ ጆሮዋ ተከፍቶ፣ ያው «ጤነኛ ናት» ይባላል። ጥርሷን ነክሳ ቦርሳውን እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

የጆሮ መመርመሪያው ባለሙያ በር ላይ ሲያያት ወዲያው ለያት። ሸምገል ያለ፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚንጠለጠል ሰው ነው። ካሉት ሁለት መሣሪያዎች አንዱ ተበላሽቶበት፣ ወረፋው እስከ ደረጃው ወርዶ፣ ፊቱ ላይ ጠዋቱ ገና ሳይጋመስ ቀኑ ያለቀ ይመስል ነበር።

የሚጡን ግንባር ዳሰሰና እጁን ሰበሰበ። «እህቴ፣ ትኩሳት ያለበትን ልጅ አንመረምርም። ውጤቱ አይታመንም። ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፣ ሲሻላት አምጪያት።»

«ሲሻላትማ ሦስቴ አምጥቻታለሁ፣ ጋሼ። እርስዎ ራስዎ ነዎት ደህና ናት ያሉኝ።»

«ደህና ነበረቻ።»

«አዎ፤ ሲሻላት ደህና ናት። የማትሰማው ሲያማት ነው። እኔ የመጣሁት ለዚያ ነው።» ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችው። «ሽሮፑ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከቤት ጀምሮ ይዤው እየመጣሁ አልሰጠኋትም። ዛሬ ካላዩዋት ሌላ ጊዜ ይህን ማድረግ አልችልም፤ አንጀቴ አይችልም።»

ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሸ። ተራ ጠባቂዎቹን አየ፣ ሚጡን አየ። ከዚያ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ግቢ» አለ። «ቶሎ እንጨርስና ወዲያው ትሰጫታለሽ።»

ድምፅ የማያስገባው ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ። የሙቀት መለኪያው ከሠላሳ ዘጠኝ በላይ አሳየ። ሚጡ ጨዋታውን ታውቀዋለች፤ ማዳመጫው ሲጠለቅላት ኩቧን ራሷ አንስታ ጉንጯ ላይ አስጠግታ መጠበቅ ጀመረች። ባለሙያው ከመስታወቱ ማዶ ቁልፉን ተጫነ። ኩቧ አልተነቃነቀችም። ድምፁን ጨመረ። አልተነቃነቀችም። እየጨመረ፣ እየጨመረ ሄደ። ሚጡ ዓይኗን ሳታርገበግብ ትጠብቃለች፤ ቅን ልጅ ናት፣ ያልሰማችውን አትጥልም።

ሰውየው ተነስቶ መጣ፣ ማዳመጫውን አውልቆ በራሱ ጆሮ ላይ አደረገና ተስፈንጥሮ ወደ ኋላ አለ። «አቤት!» ማዳመጫውን ለእናትየው ሰጣት፤ እሷም ራሷን ይዛ ጮኸች። መልሶ ለሚጡ አጠለቀላት። ልጅቷ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ተረጋግታ ተቀምጣ፣ ድምፁ መቼ እንደሚጀምር ለማወቅ የሰውየውን ፊት ታይ ነበር።

ቀጥሎ ትንሽ መሰኪያ ጆሮዋ ውስጥ አስገባ። ጤነኛ የውስጥ ጆሮ ድምፅ ሲደርሰው ረቂቅ ማሚቶ መልሶ ያወጣል፤ መሰኪያው የሚያዳምጠው ያንን ነው። መሣሪያው ማሚቶው እንዳለ አሳየ። ባለሙያው ደግሞ ሞከረ፣ ያው ነው።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አለ እያጉረመረመ፤ «እንዲህ ያለ ባዳ ግን አይቼ አላውቅም። ድምፁን ይቀበላል፣ ለባለቤቱ አይነግርም።» ስልኩን አንስቶ የጆሮ ሐኪሟን ጠራት።

ሐኪሟ ከቀዶ ሕክምና ወጥታ፣ ቆቧን እንኳ ሳታወልቅ መጣች። ነገሩን ቆማ አዳመጠች፤ ለእናትየውም ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ትኩሳቱ ሲወርድ በስንት ጊዜ ትሰማለች? ስትሮጥስ? ክፍል ውስጥስ? አይደክሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሯን ያለ «ግን» የሚሰማት ሰው አገኘች። ሐኪሟ በሚጡ ግንባርና ከጆሮዎቿ ጀርባ ሽቦዎች አስለጠፈች። ልጅቷ ትኩሳቱ አድክሟት እናቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበርና ምንም አላስቸገረችም። ሽቦዎቹ ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደውን መልእክት ይለቅማሉ፤ መልእክት ካለ ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ጉብታዎች ይታያሉ።

ጉብታ የለም። መስመሩ እንደ ተተኮሰ አንሶላ ልሙጥ ነው።

«አሁን ሽሮፑን ስጫት» አለች ሐኪሟ።

አይደክሜ መጀመሪያ የቀዳችው ፈሰሰባት። ሚጡን ቀስቅሳ አጠጣቻት። አንዲት የሆስፒታሉ ነርስ በውሃ የራሰ ፎጣ አምጥታ በብብቷና በእግሮቿ አደረገችላት፤ ባለሙያው ከቢሮው አሮጌ ማራገቢያ ጎትቶ አመጣ። ሽቦዎቹ ሳይነሱ ልጅቷ መልሳ ተኛች። ተራ ጠባቂዎቹ ወደ ሌላ ቀን ተዛወሩ፤ አንዳንዶቹ እያጉረመረሙ ሄዱ። ባለሙያው ምሳውን ፈቶ ዳቦውን ለሁለት ቆረሰና አንዱን ለእናትየው ሰጣት። «ብይ፣ ፊትሽ የሷን ያህል ነጥቷል» አላት። በላች፤ ጣዕሙን ግን አላወቀችውም።

የሙቀት መለኪያው ቀስ እያለ ወረደ። ትኩሳቱ ሠላሳ ስምንት አካባቢ ሲደርስ መስመሩ ላይ አንዲት ትንኝ የምታህል ጉብታ ብቅ አለች። ባለሙያው ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። ሌላ ጉብታ ተከተለች። ዘግይተው፣ ተንገዳግደው ነበር የሚመጡት፤ ሙቀቱ በወረደ ቁጥር ግን ጎላ ጎላ አሉ።  ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚጡ ራሷ ዓይኗን ገለጠች።

«የሚንጫጫው ምንድን ነው?» አለች ተነጫንጫ።

«ማራገቢያው ነው» አለ ባለሙያው። «ዘይት አልቆበት ነው።»

«ዝጉልኝ። ልተኛ።»

ባለሙያው ሳቀ፣ ሐኪሟም ሳቀች። አይደክሜ ብቻ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሐኪሟ በኋላ ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች። ሰውነት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የማንም ሰው ጆሮና ነርቭ ሥራውን ይለውጣል አለቻት፤ ሰውነቱ በጣም የቀዘቀዘ ሰው ላይ መልሱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ለዚህም ነው በምርመራ ጊዜ ሙቀት መለካት የሚገባው። በሚጡ ላይ ያለው ግን ከዚህ ይለያል። የውስጥ ጆሮ ድምፁን ተቀብሎ ለነርቩ የሚያስረክብበት ቦታ አለ፤ የእሷ ማስረከቢያ ትንሽ ሙቀት ሲበዛበት ሥራውን ያቆማል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀጥላል። ትኩሳት በሌለባት ቀንም ቢሆን ጫጫታ መሃል ንግግር መለየት ይቸግራታል።

«የምታስመስል አይደለችም» አለች ሐኪሟ። «አስመስላም አታውቅም።»

«መድኃኒት አለው?»

«ይህን የሚያስተካክል ዛሬ እጄ ላይ የለም። ትኩሳቱን ቶሎ ማውረድ፣ ከሙቀት መጠበቅ፣ ክፍል ውስጥ ፊት ማስቀመጥ። በማትሰማበት ሰዓት የምትግባቡበት የእጅ ምልክት ተማሩ። መንገድ ብቻዋን እንዳታቋርጥ። እየተከታተልን እናያለን።»

«ከምን መጣባት? ከኔ ነው?»

«እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ወላጅ ነው የሚወረሰው። ከአንዱ ብቻ ቢሆን አይወጣም። በደም ምርመራ እናረጋግጣለን።»

አይደክሜ ደስታ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር። የመጣው ድካም ብቻ ነው። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ሚጡን አቅፋ ተቀመጠችና መነሳት አቃታት። ባለሙያው ክፍሉን ቆልፎ ሲወጣ አሁንም እዚያው ናት።

«ምነው አልሄድሽም?»

«እሄዳለሁ ጋሼ። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።»

እሱም ከጎኗ ተቀምጦ ትንሽ አረፈ።

ቤት ስትደርስ እትዬ ግቢው ውስጥ ነበረች። አይደክሜ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት፣ ከሁለቱም ወላጅ የሚለውንም ጭምር። ለጠብ ተዘጋጅታ ነበር። እትዬ ግን ማሰጫው ገመድ ላይ እጇን እንደጫነች ቀረች።

«ሕፃን ሳለ የሞተ ወንድም ነበረን» አለች ቆይታ። «የባልሽ ታላቅ። እሱ አላወቀውም። ሲታመም አባባ ሲጠራው አይመልስም ነበር። አባባ ደግሞ…» አልጨረሰችውም። እርጥቡን ልብስ ትታው ወደ ቤቷ ገባች። በማግስቱ በረዶ የምትይዝበትን ዕቃ ይዛ መጣችና፣ «ለልጅቷ ይሆናል» ብላ በሩ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ይቅርታ አላለችም፤ አይደክሜም አልጠበቀችም።

ሾፌሩ ሲደውል ሁሉንም አስረዳችው። በመስመሩ የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ ይሰማት ነበር።

«አስመሳይ ብያታለሁ» አለ በመጨረሻ።

«እኔ በጥፊ መትቻታለሁ።»

«ስመጣ የእጅ ምልክቱን አስተምሪኝ» አለ።

መምህሯ ሚጡን ከመስኮቱ አጠገብ ፊተኛው ረድፍ አስቀመጠቻት፤ ከእረፍት ስትገባ ፊቷን የምትታጠብበት ፋታም ሰጠቻት። ነገሩ ቀለለ እንጂ አልጠፋም። አንዳንድ ቀን ይረሳል፣ አንዳንድ ቀን ተተኪ መምህር ይመጣና ሚጡን ያለ ጥፋቷ ይቆጣታል፤ አይደክሜ እንደገና ሄዳ ታስረዳለች፣ እንደገና ትመለሳለች።

ትኩሳቱ ሲመለስ ሾፌሩ ቤት ነበር። አይደክሜ ከሥራ ስትገባ ሚጡ አልጋው ላይ ተደግፋ፣ አባቷ ከፊት ለፊቷ፣ ፊቱ በደንብ በሚታይበት በኩል ወንበር ስቦ ተቀምጦ አገኘቻቸው። በረዶ የተጠቀለለበት ፎጣ ግንባሯ ላይ ነው። ሽሮፑን ሰጥቷታል። ልጅቷ አላለቀሰችም።

አይደክሜ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወደ ፎጣው እጇን ዘረጋች።

«ተይው፣ እኔ አለሁ» አለ ባሏ። «አንቺ ተኚ።»

«ፎጣውን ቶሎ ቶሎ…»

«አውቃለሁ። ሂጂ ተኚ።»

ጫማዋን አውልቃ ማዶ ባለው ፍራሽ ላይ ጋደም አለች። ለትንሽ ደቂቃ ብቻ ዓይኗን ልትከድን ነበር። ስትነቃ መስኮቱ ላይ የነበረው ፀሐይ ሄዷል፤ ትኩሳቱ ገና አልለቀቀም። አባትና ልጅ በምልክት ይጨቃጨቃሉ። እሱ ጎማ በሚያጠብቅ ሻካራ ጣቱ «ውሃ» ሊላት ሲሞክር የወጣው ሌላ ነገር ነው መሰል፣ ሚጡ ራሷን በኃይል ነቀነቀች፣ እጁን ያዘችና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፋ አስተካከለችለት።